«አልደር ማን?»

በውጭ አገር ያደግን ልጆች ሁላችንም ደመወዝ የሌለው አንድ ሥራ ሠርተናል፤ አስተርጓሚነት። እኔ የጀመርኩት በአሥር ዓመቴ ነው። የሆስፒታል ቅጽ፣ የመብራት ቢል፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ (የራሴን ጥፋት የሚዘረዝረውን ጨምሮ፤ እሱን ትንሽ አሳምሬ ነበር ያነበብኩት)። ኮሌጅ ስገባ በሁለቱም ቋንቋ የማይመልሰኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ከዚያ አንድ የሹመት ስም መጣና ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ አስቆመኝ። ቃሉ «አልደርማን» ነው።

ቺካጎን ለማታውቁ ላስረዳ። ከተማዋ 50 ዋርዶች አሏት፤ እያንዳንዱ ዋርድ በአራት ዓመት አንዴ አንድ ሰው መርጦ ወደ ከተማው ምክር ቤት ይልካል። ይህ ሰው አልደርማን ይባላል። በወረቀት ላይ ሥራው ሕግ ማውጣትና በጀት ማጽደቅ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ሥራው ሌላ ነው። የመንገድ መብራት ሲጠፋ፣ አይጥ ሲበዛ፣ የቆሻሻ ገንዳ ሲሰበር፣ ዛፍ ወደ ቤት ሲያዘነብል ጎረቤት የሚልህ አንድ ነገር ነው፦ «ለአልደርማንህ ደውል»። ሰው ከንቲባውን በቴሌቪዥን ያውቀዋል፤ አልደርማኑን ግን በስልክ ቁጥሩ ነው የሚያውቀው።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላት፣ በሰሜን ቺካጎ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ቡና የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። በበጋ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ዕቃዋን ያበላሽባታል፣ በክረምት ደግሞ በረዶው በሩ ላይ ይከመራል። ከበሩ በላይ የሸራ ጥላ ማሠራት ፈለገች። ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከግድግዳህ አልፎ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚወጣ ነገር የሕዝብ ቦታ ላይ ነው ያለው ማለት ነውና፣ የከተማው ምክር ቤት ሳያጸድቀው አይሰቀልም። ወደ ምክር ቤቱ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ በአልደርማኑ ቢሮ በኩል ያልፋል። ሸራ ሠሪው ይህን ሲያስረዳ እቴቴ ወደ እኔ ዞረች። «ማን ጋ ነው የምንሄደው?»

«ከንቲባው ጋ» አልኳት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸ ነው።

ሳቀች። «ለሸራ ከንቲባ ጋ? አንተ፣ እኔ ከንቲባ ዘንድ የምቀርበው ምን አድርጌ ነው?» እውነቷን ነው። «ከንቲባ» ትንሽ ቃል አይደለም። ዛሬ የምናውቀው የማዘጋጃ ቤት የበላይ ሆኖ ነው፤ ጥንት ግን የደምቢያና የጎንደር ሹመት ስም ነበር፤ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በመጽሐፉ ያነሣዋል። ወደ ሰሜን ደግሞ፣ በዛሬዋ ኤርትራ፣ የሐባብ ገዥዎች «ከንቲባይ» ይባሉ ነበር። ሹመቱ ክብደት ስለነበረው ከሰው ስም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዘመናቸው ብዙ ሥራ ሠርተዋል፤ የሚታወሱት ግን እስከ ዛሬ በዚያ ማዕረግ ነው። በእኛ ቤት ቃሉ ሌላ አገልግሎትም ነበረው። ከሰፈር ልጆች መሐል የሁሉን ሰው ጉዳይ የሚያውቅ፣ ሁሉን ሰላም የሚል፣ ቤቱ የማይገኝ አጎት ነበረኝ፤ እናቴ «የሰፈሩ ከንቲባ» ነበር የምትለው። ማመስገኗ ይሁን መውቀሷ እስካሁን አልገባኝም።

ከንቲባ እንዳልሆነ ከገባኝ በኋላ ከፍ ያለውን ትቼ ዝቅ ያለ ፈለግሁ። አንድ ሰፈር፣ አንድ ተመራጭ፣ አንድ ቢሮ፣ ወረፋ። «አይ እቴቴ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ማለት ነው» አልኳት።

ይህኛው ስህተት አላሳቀም። እቴቴ «እሺ» አለች፣ ወረቀቱን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሳምንቱ ስጠይቃት ጊዜ የለኝም አለች። በወሩ ሸራው ይቅር አለች። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዤ ሁለቱንም አልመጣችም። እኔ ተናደድኩ፤ የፈረንጅ ቢሮ ፈርታ ነው ብዬ ነበር።

እናቴ ነች በኋላ የነገረችኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ የእቴቴና የእናቴ ታናሽ ወንድም ከቤት የተወሰደው ወደ ቀበሌ ነው። እቴቴ ለብዙ ሳምንታት ምሳ ቋጥራ በቀበሌው በር ላይ ቆማለች። አንድ ቀን ምሳውን አትምጪው አሏት። ከዚያ ሌላ የነገራት ሰው የለም።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ለኔ «ቀበሌ» ማለት አያቴ መታወቂያ ያሳደሱበት፣ ማኅተም የሚጠፋበት፣ «ነገ ተመለስ» የሚባልበት ቢሮ ነው። ቃሉ ራሱ ከዚያ በፊት ምንም ክፉ ነገር አልነበረበትም፤ አካባቢ፣ ሰፈር ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በቀበሌ ተደራጁ። ከዚያ ቀበሌው የቤት ኪራይ ሰበሰበ፣ ስኳርና ዘይት በራሽን አከፋፈለ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠመንጃ ታጠቀ፣ እስር ቤት ያዘ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቦታውን ወረዳ ወስዶታል፤ ሰው ግን አሁንም «የቀበሌ ቤት»፣ «የቀበሌ መታወቂያ» ይላል። እንግዲህ አንድ ቃል በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ለአክስት የእስር ቤት በር፣ ለእህት ልጅ የማኅተም ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል። እኔ የጠረጴዛውን ቃል ተናገርኩ፣ እሷ የበሩን ሰማች።

ከዚያ በኋላ ቃሉን በደንብ ሳላውቀው ዳግመኛ አልተረጉምም ብዬ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ለአንድ ሸራ ብዙ ነው፤ ግን የመጨረሻ ፈተናዬን ላለማጥናት ጥሩ ምክንያት ነበር።

«አልደርማን» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኤአልዶርማን» ነው። «ኤአልድ» አሮጌ፣ በዕድሜ የገፋ ማለት ነው፤ «ኤአልዶር» ደግሞ ታላቅ፣ አለቃ። ስለዚህ ቃል በቃል ስንፈታው የሚመጣልን እኛ ቤት ያለው ቃል ነው፦ ሽማግሌ። ይህ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። የሮማውያን ሴኔት የሚለው ስም ከላቲኑ «ሽማግሌ» የወጣ ነው፤ የዐረቡ «ሼህ»ም መነሻው ያው ነው። ሰዎች አለቃ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያዩት ሽበት ነበር። ቀስ በቀስ ደግሞ ሽበቱ ይቀርና ስሙ ይቆያል። እኛም ጋ እንዲሁ ነው፤ ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት በ26 ዓመቱ ልጅ ሊጠይቅ ሽማግሌ ሆኖ ሄዷል፤ አንድም ነጭ ጠጉር የለውም።

የጥንቱ ኤአልዶርማን ትልቅ ሰው ነበር። በንጉሡ ስም አንድ አውራጃ ሙሉ ይገዛል፣ ጦር ያዘምታል። በ11ኛው ምዕተ ዓመት የዴንማርኩ ክኑት እንግሊዝን ሲገዛ ያንን ቦታ «ኤርል» የሚለው ማዕረግ ወሰደው። «አልደርማን» ከጦር ሜዳ ወርዶ ወደ ነጋዴዎች ማኅበርና ወደ ከተማ ገባ። የለንደን አሮጌው ከተማ (ሲቲ የሚባለው) እስከ ዛሬ 25 ዋርዶች፣ 25 አልደርማኖች አሉት፤ ሎርድ ሜየሩ የሚመረጠውም ከነሱ መካከል ነው። በቀረው እንግሊዝና ዌልስ በ1970ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የአካባቢ አስተዳደር ሲለወጥ ሹመቱ ቀርቶ የክብር ስም ብቻ ሆኗል። አሜሪካ ግን ቃሉን ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ይዛ፣ በብዙ ከተማ እስከ አሁን ትሠራበታለች።

እስከዚህ ድረስ መዝገበ ቃላቱ ነው። እኔን ሌሊት ያስቀመጠኝ ግን የአራዳው ክፍል ነው።

የለንደን አልደርማን በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፦ በአንገቱ በሚያጠልቀው የወርቅ ሰንሰለትና በሆዱ። የማዘጋጃ ቤቱ ግብዣ፣ በተለይ የኤሊ ሾርባው፣ በየካርቱኑ ይሣል ነበር። ከዚያ የመንገድ ሰው ምን አደረገ? ለምስጋና ቀን የምናየውን ተርኪ ጠብሶ፣ ዙሪያውን ቋሊማ አንጠልጥሎበት፣ «አልደርማን» አለው። ቋሊማው የወርቅ ሰንሰለቱ ነው። ፍራንሲስ ግሮስ የተባለ ሰው የመንገድ ቃላትን ሰብስቦ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ባወጣው መዝገበ ቃላት ውስጥ ይህ ትርጉም ይገኛል። በኋላ «አልደርማን በሰንሰለት» የሚባልም መጣ፤ በእንግሊዝኛው ሰንሰለት ጌጥም እስርም ነውና፣ ቀልዱ ሹሙን በአንድ ቃል አስጊጦ በዚያው ቃል ያስረዋል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ሰምና ወርቁ ሩቅ አይደለም።

ሃፍ ክራውን የተባለው የብር ሳንቲምም፣ ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ የሚያወጣው፣ «አልደርማን» ተብሏል። ለምን? ክብ ስለሆነ ይላሉ። ረጅም የሸክላ ፒፓም በዚሁ ስም ተጠርቷል። አሜሪካ ሲደርስ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥሙን ትቶ በቀጥታ ቦርጭ ማለት ሆነ። ሼክስፒር ጭምር፣ ወፍራሙ ፋልስታፍ ወጣት ሳለ ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ሲያወራ፣ በአልደርማን የጣት ቀለበት ውስጥ ሾልኮ ማለፍ ይችል እንደነበር ያስመስለዋል።

ከሁሉ የወደድኩት የሌቦቹ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የለንደን ካዝና ሰባሪዎች የብረት መፈልቀቂያቸውን በማዕረግ ሰየሙት። ትንሹ ሽብልቅ «ዜጋ» ነው፤ ከሱ የሚበልጠው ብረት «አልደርማን»፤ ምንም በር የማይመልሰው ትልቁ ደግሞ «ሎርድ ሜየር»። ዜጋው ክፍተት ይጀምራል፣ አልደርማኑ ያሰፋዋል፣ ከንቲባው ይገነጥለዋል። የመንግሥት አወቃቀር ትምህርት ወስጄ እንዲህ ግልጽ አድርጎ ያስረዳኝ ፕሮፌሰር የለም።

ጠጪዎችም አልቀሩም። ለንደን ውስጥ፣ ድሩሪ ሌን አጠገብ ባለ መጠጥ ቤት «የላሺንግተን ከተማ» የሚባል የጠጪዎች ማኅበር ነበር። የራሱ ሎርድ ሜየርና አራት አልደርማኖች ነበሩት፤ አራቱ ዋርዶች ጥድ (ጂን የሚሠራበት ፍሬ ነው)፣ ድህነት፣ እብደትና ራስን መግደል ይባሉ ነበር። ሰው ሲሰክር «ጉዳዩን አልደርማን ላሺንግተን ይዞታል» ይባል ነበር። የዋርዶቹን ቅደም ተከተል ደግማችሁ አንብቡት፤ ቀልድ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ሳነብ አማርኛዬን መፈተሽ ጀመርኩ። እኛስ ሹም ላይ እንዲህ ቀልደናል? «ጭቃ ሹም» አለን፤ የመንደሩ ትንሹ ሹም፣ ስሙ ውስጥ ጭቃው እስከነሽታው ያለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለን፤ የአልደርማኑን ቦርጭ ከዚህ አሳጥሮ የሚገልጽ አላገኘሁም። ለዕቃ የሹም ስም መስጠትንም እናውቅበታለን። አዲስ አበባ የሄዳችሁ «አባዱላ» ተሳፍራችኋል። ሚኒባሱ ስሙን ያገኘው ከ2005 እስከ 2010 የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት፣ ከዚያም የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ከነበሩት ከአባዱላ ገመዳ ነው ሲባል ነው የሰማነው። «አባ ዱላ» ግን ከሳቸው በፊት በኦሮሞ ሥርዓት የጦር መሪ የሚጠራበት ስም ነው። የጦር አዝማች፣ ከዚያ የአንድ ሰው መጠሪያ፣ ከዚያ «ሁለት ሰው የቀረው!» የሚባልለት መኪና። ኤአልዶርማኑም ጦር ሲመራ ኖሮ በቋሊማ የተከበበ ጥብስ ሆኖ የቀረው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። «አራዳ» ራሱስ? የሰፈር ስም ነበር፤ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው ገበያ። አሁን ብልጥ ሰው፣ ከዚያም አልፎ የብልጦች ቋንቋ ማለት ነው።

ወደ ቺካጎ ልመለስ፤ ምክንያቱም እዚህ ቃሉ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ከተማዋ እስከ 1923 ድረስ 35 ዋርዶች ነበሯት፤ ከየዋርዱም ሁለት ሁለት አልደርማን ይመረጥ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የምክር ቤቱን ሙሰኞች ጋዜጦች «ግራጫ ተኩላዎች» ይሏቸው ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ብቻ ከ30 የሚበልጡ የቺካጎ አልደርማኖች በወንጀል ተፈርዶባቸዋል። ኤድ በርክ ከ1969 ጀምሮ 54 ዓመት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ በ2023 መጨረሻ ጥፋተኛ ተብለው በማግሥቱ ዓመት ሁለት ዓመት እስር ተፈረደባቸው። በዋርዱ ውስጥ ለሚሠራና ለሚፈቀድ ነገር የአልደርማኑ ቃል የመጨረሻ ቃል መሆኑ እንደ ልማድ ስለቆየ፣ ፈቃድ ፈላጊው በሱ እጅ ነበር። በ2019 ሎሪ ላይትፉት ከንቲባ በሆኑበት በመጀመሪያው ቀን ይህን ለመቀነስ ትእዛዝ ፈርመዋል።

ስለዚህ እቴቴ ስትፈራ የነበረው ነገር ሙሉ በሙሉ መሠረት የሌለው አልነበረም። አስፈሪነቱ ሌላ ዓይነት መሆኑ ነው እንጂ። ይህን መናገር ነበረብኝ፣ ግን አንድ ቃል ተክቼ ሳይሆን ቁጭ ብዬ።

አንድ እሑድ ቡና እየተፈላ አስረዳኋት። ይቅርታም ጠየቅሁ። ስለ ወንድሟ አላነሣሁም፤ እሷም አላነሣችም። «ጠመንጃ የለውም፣ እስር ቤት የለውም። ሕዝብ ይመርጠዋል፣ ሕዝብ ያወርደዋል። ሲያጠፋ የሚታሰረው እሱ ነው» አልኳት። ሲኒዋን አስቀምጣ አሰበች። «እሱ ነው የሚታሰረው?» አለች። አዎ አልኳት። «ታዲያ ስሙ ማነው?»

«አልደርማን።»

«አልደር ማን?»

«አልደርማን ነው እቴቴ።»

«እኮ፣ አልደር ማን? የአባቱን ስም ነው የምጠይቅህ።»

ሃያ ዓመት ያስተረጎምኩት ልጅ ይህን አይቼው አላውቅም ነበር። እንግሊዝኛው «ሰውዬ» የሚልበት ቦታ ላይ አማርኛው ይጠይቃል። ይባስ ብሎ ደግሞ ሰውዬም አልነበረም፤ የዋርዳችን ተመራጭ ሴት ነበረች። የኢሊኖይ ሕግ በ2021 ከሕግ መጻሕፍቱ «አልደርማን» የሚለውን አውጥቶ «አልደርፐርሰን» ብሏል፤ በቺካጎ አፍ ደግሞ አጠር ብሎ «አልደር» ሆኗል። ማኑ ቀረ ማለት ነው። ይህን ስነግራት እቴቴ የመጀመሪያዋ ሆና ደስ አላት፤ «ሴት ናት? ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ምን ስታስፈራራኝ ነበር?»

ሐሙስ ማታ ሄድን። እቴቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ድፎ ዳቦ በእጇ ይዛ። በሩ ላይ አስቆምኳት። «እቴቴ፣ ዳቦው አይሆንም፤ እዚህ አገር ጉቦ ይመስላል።» አየችኝ። «እጅ መንሻ ነው። ባዶ እጄን ሰው ቤት ገብቼ አላውቅም።» በ«እጅ መንሻ» እና በ«ጉቦ» መካከል ያለውን ልዩነት ለፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ቢኖርብኝ ብዬ አሰብኩ፤ ላብ አጠመቀኝ። የቢሮው ሠራተኛ ግን የመጣለትን ሁኔታ የለመደ ሰው ነበር። ለአልደሯ መቀበል አይቻልም፣ ግን እዚህ ወረፋ የያዘው ሁሉ ርቦታል አለ፤ ቢላዋ ፈልጎ አመጣ። ስለ አይጥ ሊከስሱ የመጡ አንድ ፖላንዳዊት አሮጊት ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቁ። ተራችን ሲደርስ እቴቴ የሸራውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ እኔን ሳትጠብቅ፣ በራሷ እንግሊዝኛ ጀመረች።

ሸራው አረንጓዴ ነው፤ ምክር ቤቱ ካጸደቀው ሁለት ክረምት አለፈው። ባለፈው ሳምንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ሱቁ ፊት ለፊት ያለው የመንገድ መብራት ጠፍቷል።

«አልደሯ ጋ ልደውልልሽ?» አልኳት።

«ደውያለሁ» አለች። «ቁጥሯ ጠፍቶብህ እንደሆነ ልሰጥህ ነው።»